ፋኒ ሉ ሄመር፤ ከጥጥ ማሳ እስከ ምርጫ ሣጥን

ለአሥራ አምስት ደቂቃ የተማሪ ዶክመንተሪ ፊልም የሚሆን የመብት ታጋይ ምረጡ ስንባል አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ ማርቲን ሉተር ኪንግንና ማልኮም ኤክስን ተሻሙ። እኔ ፋኒ ሉ ሄመርን ወሰድኩ። የአሜሪካ ጥቁሮች የመብት ትግል ሲነሳ በእኛ ዘንድ በብዛት የሚታወቁት ሰባኪዎቹና ጠበቆቹ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ከትምህርት የተፈናቀሉ አንዲት ጥጥ ለቃሚ የአንድ ፕሬዚዳንትን እንቅልፍ እንዴት ሊነሱ እንደቻሉ ማወቅ ፈለግሁ። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ወ/ሮ ፋኒ ሉ ኦክቶበር 6 ቀን 1917 በሚሲሲፒ ግዛት ለአንድ የጢሰኛ ቤተሰብ ሃያኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የእዚያ አገር ጢሰኝነት ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ባለርስቱ መሬት ይሰጣል፤ ዘርና ቀለብ ያበድራል፤ በመከር ጊዜ የምርቱን ግማሽ ወስዶ ዕዳውን ከቀሪው ላይ ይቀንሳል። መዝገቡን የሚይዘው እርሱ ስለሆነ ዕዳው አያልቅም። ልጅቷ ማሳ የገቡት በስድስት ዓመታቸው፣ ባለርስቱ ከሱቁ ጣፋጭ እሰጥሻለሁ ብሎ አባብሏቸው ነው። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው በቀን ከ90 ኪሎ በላይ ጥጥ ይለቅሙ ነበር። አባታቸው እንደምንም በቅሎዎች ገዝተው ራሳቸውን ሊችሉ ሲሉ በቅሎዎቹ ተመረዙና ቤተሰቡ ወደ ዕዳው ተመለሰ።

ከትዳር በኋላ በሩልቪል ከተማ አቅራቢያ በአንድ እርሻ ላይ ለ18 ዓመት ሠርተዋል። ማንበብና መጻፍ ስለሚችሉ የሠራተኞቹን ሰዓትና የጥጡን ክብደት የሚመዘግቡት እርሳቸው ነበሩ። ባለርስቱ ዞር ሲል ለቃሚዎቹ እንዳይጭበረበሩ ሚዛኑን ያስተካክሉ እንደነበር ይነገራል። በ1961 ዕጢ ለማስወጣት ሐኪም ቤት ገብተው ሳያውቁና ሳይፈቅዱ ማህፀናቸው ወጣ። በዚያ ዘመን በድሃ ጥቁር ሴቶች ላይ ይህ የተለመደ ነበር።

ኦገስት 31 ቀን 1962 ወ/ሮ ሄመር ከሌሎች 17 ሰዎች ጋር በአሮጌ አውቶቡስ ኢንዲያኖላ ወደተባለችው ከተማ ለመራጭነት ሊመዘገቡ ሄዱ። መዝጋቢው የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ እንዲያብራሩ ጠየቃቸውና ጣላቸው። ሲመለሱ ፖሊስ አውቶቡሱን አስቁሞ ቀለሙ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ጋር ይመሳሰላል በሚል ሾፌሩን ቀጣ። ተሳፋሪዎቹ በፍርሃት ተውጠው ሲቀመጡ እርሳቸው መዝሙር ማውጣት ጀመሩ። ማታ ቤታቸው ሲደርሱ ባለርስቱ ማመልከቻሽን ሰርዢ ወይም ልቀቂ አላቸው። በዚያው ምሽት ወጡ። ከቀናት በኋላ ባረፉበት ቤት ላይ 16 ጥይት ተተኮሰ፤ እርሳቸው ግን አልተነኩም። በጃንዋሪ 1963 ፈተናውን አለፉ፤ በዚያው ዓመት ሊመርጡ ሲሄዱ ደግሞ የምርጫ ግብር የከፈሉበትን ደረሰኝ አምጡ ተብለው ተመለሱ።

ፊልሙን ስሠራ ከባዱ ውሳኔ የዊኖና እስር ቤት ነበር። ጁን 9 ቀን 1963 ከሥልጠና ሲመለሱ በዊኖና አውቶቡስ ጣቢያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተያዙ። ፖሊሶቹ ሁለት ጥቁር እስረኞችን አስገድደው በቆዳ ዱላ አስደበደቧቸው። ኩላሊታቸውና አንድ ዓይናቸው እስከ ዕድሜ ልካቸው ተጎዳ። የተፈቱት ጁን 12፣ ሌላው ታጋይ ሜድጋር ኤቨርስ በተገደለበት ዕለት ነው። ነጮች ብቻ የነበሩበት የዳኝነት ሸንጎ ፖሊሶቹን በነጻ አሰናበታቸው። አንድ ጓደኛዬ የደብዳቢዎቹን ማንነት ተወው፣ ተመልካች ግራ ይጋባል አለኝ። አልተውኩትም። ሥርዓቱ የሚሠራው እንዲያ ነበር፤ ዱላውን የሚያስይዘው ሌላ፣ የሚይዘው ሌላ። ድብደባውን በተዋናይ ማሳየትም አልፈለግሁም። ካሜራ ያልነበረበትን ነገር የነበረ ማስመሰል ሆነብኝ፤ የእርሳቸውን ገላ ሁለተኛ ጊዜ ለዱላ ማቅረብም። በጥቁር ስክሪን ላይ አራቱን ቀናት ብቻ ጻፍኩ።

ካሜራ የነበረው አትላንቲክ ሲቲ ነው። በ1964 በሚሲሲፒ ለመምረጥ የተመዘገበው ጥቁር ከ7 በመቶ በታች ነበር። ወ/ሮ ሄመርና ጓደኞቻቸው የሚሲሲፒ ነጻነት ዴሞክራቲክ ፓርቲን አቋቁመው፣ የነጮቹ ልዑካን ግዛቲቱን አይወክሉም ሲሉ ኦገስት 22 ቀን ለዴሞክራቲክ ፓርቲው ጉባዔ ኮሚቴ አቤት አሉ። የደቡብ ነጮችን ድምፅ እንዳያጡ የሰጉት ፕሬዚዳንት ጆንሰን በድንገት ጋዜጣዊ መግለጫ ጠርተው ካሜራዎቹን አስነሱ። ዘዴው ግን ከሸፈ፤ ቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ምስክርነቱን ማታ ደግመው ስላሳዩት ተመልካቹ በዛ። ፓርቲው ሁለት ወንበር ብቻ ልስጣችሁ አለ። ባያርድ ረስቲንን ጨምሮ አንጋፋ ታጋዮች ተቀበሉ ብለው መከሩ፤ የሚሲሲፒ ገበሬዎች እምቢ አሉ። በ1965 የመምረጥ መብት ሕግ ወጣ፤ በ1967 በሚሲሲፒ የተመዘገበው ጥቁር መራጭ ወደ 60 በመቶ ደረሰ። በ1968 በቺካጎው ጉባዔ ወ/ሮ ሄመር በልዑክነት ሲቀመጡ አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበላቸው።

ብዙው ትረካ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ለፊልምም ይመቻል። እኔን የያዘኝ ግን የቀረው ነው። በ1969 ወ/ሮ ሄመር የነጻነት እርሻ የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር በ16 ሄክታር መሬት ጀመሩ፤ ኋላ ከ240 ሄክታር በላይ ደረሰ። የአሳማ ባንክም ነበራቸው። ለእኛ አንባቢ ስሙ ፈገግ ቢያሰኝም አሠራሩ ብልህ ነው፤ ድሃ ቤተሰብ ያረገዘች አሳማ ይወስዳል፣ ስትወልድ ግልገሎቹን አስቀርቶ እናቲቱን ይመልሳል። እርሻው በዕርዳታ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር በዕዳና በተፈጥሮ አደጋ ተመትቶ በ1970ዎቹ አጋማሽ ፈረሰ።

መምህሬ የከሸፈ እርሻ ፊልሙን ያቀዘቅዘዋል ባይ ነበሩ። እኔ ደግሞ ያለ እርሻው የ1962ቱ ምሽት ትርጉም የለውም እላለሁ። ወ/ሮ ሄመር ለመመዝገብ በመሞከራቸው ብቻ በአንድ ቀን ሥራም ቤትም አጥተዋል። የሚበላውና የሚያድርበት በሌላ ሰው እጅ ያለ ሰው የምርጫ ካርዱም በዚያው ሰው እጅ ነው። መሬቱን የፈለጉት ድምፁን ለመጠበቅ ነበር። ስለዚህ ከአትላንቲክ ሲቲ ላይ ቀንሼ ለእርሻው አራት ደቂቃ ሰጠሁት።

ወ/ሮ ፋኒ ሉ ሄመር ማርች 14 ቀን 1977 በካንሰር ታመው በ59 ዓመታቸው፣ ገንዘብ ሳይኖራቸው አረፉ። የተቀበሩት ሩልቪል፣ ከዚያው የኅብረት እርሻ በተረፈ መሬት ላይ ነው። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ሰው የሚሰጠውን ከፍተኛ የፕሬዚዳንት ሜዳይ ሸለማቸው። ሜዳዩ የተሰጠው ለድምፃቸው ይመስለኛል። እርሻቸው ያነሳው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።