ራጅን ለዓለም በነፃ የሰጠው ሰው

እህቶቼ፣ ሪያድ ውስጥ ለኢቃማ የጤና ምርመራ ስትሄዱ ደረታችሁን ከሰሌዳው አስጠግታችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ቆማችሁ ይሆናል። እኛ ራጅ፣ ዐረቦቹ አሺዓ የሚሉትን ይህን ጨረር ያገኘው ቪልሄልም ሮንትገን ነው።

ሮንትገን በ1845 በጀርመን፣ ሌኔፕ በምትባል ከተማ ከጨርቅ ነጋዴ ቤት ተወለደ፤ ያደገው ግን ሆላንድ ነው። ተማሪ ሳለ አንድ ጓደኛው የመምህሩን አስቂኝ ሥዕል ሣለ። ሮንትገን የሣዪውን ስም አልናገርም በማለቱ ከትምህርት ቤት ተባረረ። ቢሆንም ዙሪክ ሄዶ ተማረ፤ በ1869 ዶክትሬቱን አገኘ።

ከዓድዋ ድል አራት ወር ገደማ በፊት፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ ቩርትስቡርግ ባለው ቤተ ሙከራው በጥቁር ወረቀት ከሸፈነው የብርጭቆ ቱቦ የማይታይ ጨረር ሲወጣ አስተዋለ። በዲሴምበር የባለቤቱን የአና ቤርታን እጅ አነሣ፤ አጥንቷና ቀለበቷ ታየ። የጨረሩን ምንነት ስላላወቀ በሒሳብ የማይታወቅ ነገር በሚጻፍበት ፊደል ኤክስ አለው። ዐረቦቹም በሒሳባቸው ለዚሁ የሚጠቀሙበትን ሲን ፊደል ወስደው አል-አሺዓ አስ-ሲኒያ አሉት።

ዛሬ ራጅ ጀርባን የሚያደርቀውን አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይተስ የሚባል በሽታ ለመለየት ይረዳል። ሐኪሙ በተለይ የሚመለከተው የጀርባ አጥንት ከዳሌ የሚገናኝበትን መጋጠሚያ ነው፦ ጠርዙ ተበልቷል? ክፍተቱ ጠብቧል? ተጣብቋል? በሽታው ሲገፋ የአከርካሪ አጥንቶቹ ተያይዘው ቀርከሃ ይመስላሉ። በጅማሬው ግን ራጁ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ያኔ ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሕመማችሁን በደንብ ተናገሩ። ዕቃ በማንሳት የመጣ የወገብ ሕመም ብዙውን ጊዜ ሲያርፉ ይቀላል። ይህኛው ግን ሲያርፉ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይሻላል፤ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ያደርቃል፣ ከሦስት ወር በላይ ይዘልቃል። የጠዋቱን መድረቅ ዐረቦቹ ተየቡስ ሰባሒ ይሉታል። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ከተጠራጠራችሁ ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት አና ሃሚል በሉ።

ሮንትገን በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። ግኝቱንም በስሙ አስመዝግቦ ክፍያ አልጠየቀበትም። ባለቤቱ በ1919 አረፈች። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የዋጋ ንረት ጥሪቱን በላው፤ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 ሙኒክ ውስጥ ሞተ። ሀብት ባይተርፈውም፣ የሰው አጥንት ሳይቀደድ የሚታየው በእሱ ሥራ ነው።