ጥድ ያስተከሉት ንጉሥ

ቆቦ ተወልዶ ያደገ ሰው ወደ ምሥራቅ ቀና ሲል የሚያየው የዞብልን ተራራ ነው። በልጅነቴ ደን ማለት ለእኔ እዚያ አናት ላይ ከሩቅ የሚታይ ጥላ ነበር። እኛ ሜዳው ላይ ያለን ማሽላ፣ ከብትና አቧራ ነው። ከዚያ ጥላ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በአህያ የተጫነ ማገዶና ከሰል ብቻ ነበር።

እናቴ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን ተሳልማ ስትመለስ ግማደ መስቀሉን እዚያ ስላስቀመጡት ስለ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ታወራልኝ ነበር። ስለ ዛፎቻቸው ግን አልነገረችኝም። ያንን የሰማሁት አዲስ አበባ ሥራ ይዤ፣ አንድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ በእግሬ ስሄድ ነው።

ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1399 ፈጠጋር ውስጥ፣ አዋሽ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው አፄ ዳዊት ናቸው። እንደ ዘመኑ ልማድ የንጉሥ ልጆች ሥልጣን እንዳይሻሙ በአምባ ግሸን ይጠበቁ ስለነበር እሳቸውም የወጣትነት ዕድሜያቸውን በእስር አሳለፉ። በ1434 ከአምባው ወርደው ነገሡ፤ በአክሱምም ዘውድ ጫኑ። በ1445 በጎሚት ጦርነት የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል አደረጉ። መጻሕፍት የጻፉና ያስጻፉ፣ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ያጸኑ ንጉሥ ናቸው።

ጨካኝም ነበሩ። የደቂቀ እስጢፋኖስን መነኮሳት አሳደዋል፤ በጣዖት አምልኮ የተከሰሱ የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር ለሞት ዳርገዋል። የመጨረሻ ዘመናቸውን በቆረቆሯት በደብረ ብርሃን አሳልፈው በ1468 ዐረፉ።

የደኑ ታሪክ እንዲህ ነው። የወጨጫ ተራራ ተመናምኖ ባዩት ጊዜ ንጉሡ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ታሪኩ በትውፊት የመጣ ነው፤ እውነት ከሆነ ደግሞ በአገራችን ከሚታወቁት የደን መልሶ ማልማት ሥራዎች ቀዳሚው ሳይሆን አይቀርም። ዘሩን ተሸክመው የመጡት፣ ጉድጓዱን የቆፈሩት ሰዎች ስም ግን አልተጻፈም።

ትእዛዝ ብቻውን ደን አያቆይም። አዲስ አበባ ተቆርቁራ ማገዶ ሲጠፋ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ሁሉ አደጋ ላይ ወደቀ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አፄ ምኒልክ መናገሻን በመንግሥት ጥበቃ ሥር አደረጉት። በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ጣውላ ሰንጣቂዎች ብዙ ወስደውበታል። የተረፈው ግን ዛሬ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ የሞላበት፣ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የሚኖሩበት ነው። የመግቢያ ዋጋ የከፈለ ማንኛውም ሰው በእግር መንገዶቹ ይገባል። ያን እሑድ ከፊታችን የተማሪዎች ቡድን፣ ከኋላችን ልጆቻቸውን ያዘሉ ወላጆች ነበሩ። ሰው ሲፈራቸው የኖረ ንጉሥ ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ለማያውቁት ሕፃን ጥላ ሆነዋል።

እኔ ግን ሐሳቤ ወደ ዞብል ሄደ። ጦርነቱ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ቆቦ በደረሰ ጊዜ፣ መብራት ሲጠፋ የእንጀራው ማገዶ ሁሉ ከዛፍ እንደሆነ ዘመዶቼ ነግረውኛል። ማን ይፈርድባቸዋል? የራበው ልጅ ያለው ሰው ዛፍ አይቆጥርም። ዳገቱ ሲራቆት ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ አፈርና ድንጋይ ይዞ ወደ ማሽላው ማሳ ይወርዳል። ዋጋውን የሚከፍለው ያው ገበሬ ነው።

ክልክል ቦታ ተብሎ የታጠረ ተራራ ብዙ አይቻለሁ። ገበሬው ሣሩን እንዲያጭድ፣ ንቡን እንዲያንብ ካልተፈቀደለት ጠባቂው ዞር ሲል መጥረቢያው ይገባል። የከተማው ልጅም ወጥቶ ካላየው፣ ሲጠፋ አይቆጨውም። እናቴ ግሸንን የምትወደው በእግሯ ወጥታ ስለምታውቀው ነው። ንጉሡ በትእዛዝ የተከሉትን እኛ በፍቅር ካላቆየነው፣ በየክረምቱ የምንተክለው ችግኝ በጋውን አይሻገርም። እኔም አሁን አርባ ዓመት አልፎኝ፣ ዞብልን ገና አልወጣሁትም። በሚቀጥለው ክረምት፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ልጆቼን ይዤ እወጣዋለሁ።