የአፄ ኃይለ ሥላሴ አንበሶችና ውሻቸው ሉሉ

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ዓባይን ቁልቁል በሚያየው የበዛዊት ኮረብታ ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ አገዛዝ፣ ስደትና አወዳደቅ ብዙ ተጽፏል። ከእንስሳት ጋር የነበራቸው ቁርኝት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተራ ወግ ይታለፋል። ልብ ብሎ ለመረመረው ይህ የሕይወታቸው ገጽ በግቢው ውሻ ለሚያሳድግ የከተማ ነዋሪም፣ ወይፈን ለሚገራ ገበሬም የሚበቃ ትምህርት አለው።

ልጅ ተፈሪ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ እጀርሳ ጎሮ ከራስ መኮንን ተወለዱ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ የሚለውን የነገሥታት መጠሪያ ወረሱ። አንበሳ በሰንደቅ ዓላማውም በማኅተሙም ላይ የሚታይ የመንግሥታቸው ምልክት ነበር። የፋሺስት ወረራ በ1928 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አሰደዳቸው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። በ1940 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ ተቋቋመ። ሕዝቡም ቀድሞ በሥዕልና በማኅተም የሚያውቀውን አውሬ በዓይኑ ለማየት ቻለ።

በእንስሳት ጠባይ ላይ የሚደረገው ጥናት እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። ለማዳ መሆንና የቤት እንስሳ መሆን አንድ አይደሉም። ከግልገልነቱ ጀምሮ በሰው እጅ ያደገ አንበሳ መጋቢውን ሊለምድ ይችላል። ያ ልማድ ግን የዚያ አንድ አንበሳ ብቻ ነው፤ ወደ ግልገሎቹ አይተላለፍም፤ የአውሬነት ጠባዩንም አያጠፋም። በዱር ሰፊ ቦታ የሚያካልሉ ሥጋ በሎች በጠባብ አጥር ሲዘጉ ያንኑ መንገድ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ይውላሉ። ተመልካች የራባቸው ይመስለዋል። አጥኚዎች ግን ይህ ጠባይ ሆዱ ሞልቶም ኑሮው የጎደለበት እንስሳ ምልክት ነው ይላሉ። ለአንበሳ ክብር ሰጥቶ ቦታ መንፈግ ይቻላል ማለት ነው።

ውሻ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ከአሥር ሺህ ዓመታት በላይ ከሰው ጋር ኖሯል፤ የጌታውን ፊትና የእጅ ምልክት ማንበብን በትውልድ ብዛት ተክኖበታል። ንጉሠ ነገሥቱ በኋለኛው ዘመናቸው አጠገባቸው ከማያጡት አንዱ ቺዋዋ ከሚባለው የሜክሲኮ ዝርያ የሆነው ትንሹ ሉሉ ነበር። በሀገራችን ልማድ ውሻ ደጅ ይጠብቃል እንጂ እልፍኝ አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያንም አይደርስም። ስለዚህ ውሻ በንጉሥ ጭን ላይ ተቀምጦ መታየቱ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር።

ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 3ኛው ወር ገደማ ያለው ጊዜ ጠባዩ የሚቀረጽበት ነው። በዚያ ዕድሜው ሰውን፣ ሕፃናትን፣ የመኪና ድምፅንና ሌሎች እንስሳትን በሰላም የተዋወቀ ውሻ ሲያድግ አይበረግግም። በዚያ ዕድሜው ታስሮ ብቻውን የዋለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈሪ ይሆናል፤ ፈሪ ውሻም ተናካሽ ነው። ትምህርትም ጊዜውን ይፈልጋል። ውሻ ሲጠሩት በመጣበት ቅጽበት ጉርሻ ቢያገኝ መምጣትን ይማራል። ዘግይቶ በመጣበት ቢመታ ግን የሚማረው መዘግየት ጥፋት መሆኑን አይደለም፤ ወደ ጌታው መቅረብ ዱላ እንደሚያመጣ ነው። ገበሬው ወይፈኑን ከተገራ በሬ ጋር ጠምዶ ቀንበር የሚያለምደውም ይህንኑ እውነት በሥራ አውቆት ነው፤ እንስሳ ከድንጋጤ ይልቅ በእርጋታ ፈጥኖ ይማራል።

የንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ ቀናት ይህን የእንስሳት ታሪክ ከሰው ሰቆቃ ጋር አገናኙት። በ1965 ዓ.ም. በወሎ የበረታው ረሃብ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ፤ መንግሥታቸውም ሸሽጎት ቆየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ በአዲሱ ዓመት መግቢያ፣ ደርግ የብሪታንያው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራውን ፊልም በቴሌቪዥን አሳየ። በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል ገብቶበት ነበር። በማግስቱ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሕይወታቸው አለፈ። አፅማቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ከ25 ዓመታት በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነበር።

ውሾቹ ጥፋት አልነበረባቸውም፤ የተሰጣቸውን በሉ። ምስሉ የከሰሰው ለእንስሳ መራራትን ሳይሆን፣ ያ ርኅራኄ ለተራበ ሰው ሳይደርስ መቅረቱን ነው። ይህ ትዝታ እንስሳን መንከባከብ የባለጸጋ ቅንጦት ነው የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ እንዲቀር ረድቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለውሻ የሚያስፈልገው ከሰው አፍ የሚነጠቅ ሥጋ አይደለም። ንጹሕ ውኃና ጥላ፣ በቀን ለጥቂት ሰዓት ከሰንሰለት መፈታት፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ያለ ዱላ ሰውን መልመድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት በወቅቱ ማግኘት ይበቃዋል። ይህን ያገኘ ውሻ ደጁን ይጠብቃል፤ የጎረቤትን ልጅ ግን አይነክስም።