ጆን ብራውኒንግ፦ በአንድ እጀታ ላይ የሚለዋወጥ አፈሙዝ

ለዒላማ ተኩስ ሽጉጥ ሊመርጥ የተነሣ ሰው፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ከአንድ አሜሪካዊ ጠመንጃ ሠሪ የእጅ ሥራ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ሰውየው ጆን ሞዘስ ብራውኒንግ ነው። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር አፈሙዙን የሸፈነው የላይኛው አካል ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ባዶውን ቀለህ የሚያወጣበት፣ ሲመለስም አዲስ ጥይት የሚያጎርስበት አሠራር ከእርሱ የመጣ ነው። ዛሬ በአብዛኞቹ ሽጉጦች ላይ የምናየው ይኸው አሠራር ሲሆን፣ አንድን ሽጉጥ በትልቅም በትንሽም ጥይት ለማስተኮስ የሚያስችለው መለዋወጫም የተወለደው ከዚሁ ነው።

ብራውኒንግ የተወለደው በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 23 ቀን 1855 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ጆናታን የሞርሞን እምነት ተከታይና ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ፤ ከሦስት ሚስቶች 22 ልጆች ወልደዋል። ልጁ ያደገው ለጥገና በመጣ የተሰባበረ ብረት መካከል ነው። አባቱ በሞቱበት በ1879፣ በ24 ዓመቱ፣ አንድ ጥይት ብቻ ለሚጎርስ ጠመንጃ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከወንድሞቹም ጋር በትንሽ ወርክሾፕ ማምረት ጀመረ። በ1883 የዊንቸስተር ኩባንያ ሰው ከምሥራቅ ተነሥቶ ኦግደን ድረስ መጣና የዚያን ጠመንጃ መብት በ8,000 ዶላር ገዛው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የዊንቸስተር ምርጥ ጠመንጃዎች ከዚህ የገጠር ወርክሾፕ ይወጡ ነበር።

ሰውየው መሣሪያ ሠሪ ብቻ ሳይሆን ተኳሽም ነበር። ከወንድሙ ከማትና ስማቸው በእንግሊዝኛ ፊደል በተመሳሳይ ድምፅ ከሚጀምር ሁለት ወዳጆቹ ጋር በመሆን አራቱ ቢዎች የሚባል የታወቀ የተኩስ ቡድን አቋቁሞ ይወዳደር ነበር። ትልቁ ሐሳብም የመጣለት በተኩስ ሜዳ ላይ ነው። በ1889 በኦግደን በተደረገ የዒላማ ተኩስ ላይ፣ ጠመንጃ በተተኮሰ ቁጥር ከአፈሙዙ የሚወጣው የባሩድ ጋዝ ከፊት ለፊት ያለውን ረጅም ሣር ሲያጎነብሰው አየ። ሌሎች ዒላማው መመታቱን ሲመለከቱ እርሱ ያየው ሣሩን ነበር። ይህ ሁሉ ኃይል በከንቱ ከሚባክን ለምን ጠመንጃውን ራሱን አያጎርስም ብሎ አሰበ። ወዲያውም ወደ ወርክሾፑ ተመልሶ ሙከራ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ለሠራቸው በራሳቸው ለሚጎርሱ መሣሪያዎች ሁሉ መነሻው ይህ ነው።

ወደ ሽጉጥ የዞረው በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1897 ለበርካታ የሽጉጥ ንድፎች መብት አገኘ፤ በዚያው ዓመትም በቤልጅግ አገር፣ በሊዬዥ ከተማ አጠገብ ካለው የኤፍ ኤን ፋብሪካ ጋር ተዋዋለ። ፋብሪካው ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን በፉከራቸው ቤልጅግ እያሉ የሚጠሩት ጠመንጃ ይሠራ የነበረው እዚያው ነው፤ ምንም እንኳ የእርሱ ንድፍ የጀርመኑ ማውዘር እንጂ የብራውኒንግ ባይሆንም።

እዚህ ላይ ከትርጉም ሥራ የተገኘ ትንሽ ነገር ላንሣ። በኩዌት ጎዳና ሽጉጥ ሙሰደስ ይባላል፤ ቃሉ ከስድስት ቁጥር የወጣ ሲሆን ስድስት ጥይት በሚይዝ ተሽከርካሪ ጎተራ ዘመን የተሰየመ ነው። አማርኛው ግን ሽጉጥ ያለው ስለሚሸጎጥ ነው፤ የጥይቱን ብዛት ትቶ የመቀመጫውን ቦታ ተመለከተ። የብራውኒንግ ሽጉጥ ሰባትም ከዚያ በላይም ስለሚይዝ የዐረብኛውን ስም ቆጠራ አፍርሶበታል፤ የአማርኛውን ስም ግን አልነካውም።

የ1910ሩ የኤፍ ኤን ሽጉጥ ስለ መለዋወጫ ለሚጠይቅ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ይህ ትንሽ ሽጉጥ በ7.65 ሚሊሜትርና በአጭሩ 9 ሚሊሜትር ጥይት ተሠርቷል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር መለወጥ ያለበት አፈሙዙ ብቻ ነው። ጁን 28 ቀን 1914 ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ በሳራዬቮ የኦስትሪያን አልጋ ወራሽ የገደለው በዚሁ ሞዴል፣ በ9 ሚሊሜትሩ ነበር። ከዚያ የተነሣው ጦርነት ሚሊዮኖችን ጨርሷል። ስለ ብራውኒንግ የሚጽፉ ብዙዎች ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ ግን ስለ ዒላማ ተኩስ ሲወራም ቢሆን ሊረሳ የሚገባው አይመስለኝም፤ በክለብ ውስጥ ካርቶን የሚበሳው ሽጉጥና ያኛው በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተነደፉ ናቸውና።

ከሁሉ የታወቀው ግን በኮልት ፋብሪካ የተሠራው ባለ .45 ሽጉጡ ነው። የአሜሪካ ጦር በፊሊፒንስ ጦርነት ትናንሽ ጥይቶች አላረኩትም ነበርና 11.43 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጥይት ፈለገ። በማርች 1911 በተደረገው ፈተና አንዱ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተተኮሰበት፤ በጋለ ጊዜ ውሃ ውስጥ እየተነከረ ይቀዘቅዝ ነበር። የብራውኒንጉ አንዴም ሳይነክስ ጨረሰ፤ ተፎካካሪው 37 ጊዜ ተበላሸ። ማርች 29 ቀን 1911 ጦሩ ተቀበለው፤ ከዚያም ከ70 ዓመታት በላይ የጦሩ ዋና ሽጉጥ ሆኖ ቆየ።

ለዒላማ ተኳሹ ትልቁ ቁም ነገር ሽጉጡ ያለ መፍቻ፣ በባዶ እጅ መፈታቱ ነው። የላይኛው ተንሸራታች አካል፣ አፈሙዙና ጥቅል ምንጩ (ሞላው) ይወጣሉ፤ እጀታውና ቃታው ያሉበት የታችኛው አካል ይቀራል። ታዲያ የላይኛውን በሌላ መተካት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ችግሩ ኃይል ነበር። የ.45 ጥይት እርሳስ ወደ 15 ግራም ይመዝናል፤ ለልምምድ የሚፈለገው ርካሹ ባለ .22 ጥይት 2.6 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ያ ትንሽ ጥይት ከባዱን ብረት ወደ ኋላ ገፍቶ ማጉረስ አይችልም።

መፍትሔው የተገኘው ብራውኒንግ ከሞተ በኋላ ነው። ኮልት በ1931 ኤስ የተባለ፣ የላይኛው አካሉ የቀለለ ባለ .22 ሽጉጥ አወጣ፤ ግን እንደ ወላጁ ርግጫ አልነበረውም። ዴቪድ ማርሻል ዊሊያምስ የተባለ የኖርዝ ካሮላይና ሰው፣ በ1921 ከአንድ የሕግ አስከባሪ ሞት ጋር በተያያዘ ተፈርዶበት በእስር ቤት ወርክሾፕ መሣሪያ መንደፍ የጀመረ፣ ችግሩን በሌላ መንገድ ፈታው። ጥይቱ የሚያርፍበትን ክፍል ከአፈሙዙ ለይቶ ተንቀሳቃሽ አደረገው። ጋዙ በዚህ ክፍል ሰፊ ፊት ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ይበረታል፤ ትንሿ ጥይት ከባዱን ብረት መግፋት ብቻ ሳይሆን ለእጅም የትልቁን የመሰለ ርግጫ ትሰጣለች። በ1937 በሽጉጥ ላይ ዋለ፤ በ1938 ደግሞ ለብቻው እንደ መለዋወጫ ተሸጠ። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ መለዋወጫዎች ግን የላይኛውን አካል በቀላል አሉሚኒየም ሠርተው ያልፉታል።

ጥቅሙ በቃታው ላይ ነው። በአሜሪካ በሚደረገው የሽጉጥ ውድድር ተኳሹ በሦስት ዓይነት ጥይት 90፣ 90፣ በድምሩ 270 ጊዜ ይተኩሳል። የታችኛው አካል አንድ ሲሆን ጣቱ የሚያውቀው ቃታና እጁ የሚያውቀው እጀታ አይለወጡም፤ ልምምዱም በርካሹ ጥይት ይሆናል። ማነጣጠሪያው ግን ከላይኛው አካል ጋር ስለሚሄድ እያንዳንዱ ለየብቻው በወረቀት ላይ መስተካከል አለበት። መለወጥ የሚገባው ሽጉጡ ባዶ መሆኑ በዓይንና በጣት ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ሁለቱ ዓይነት ጥይቶችም በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቀላቀል የለባቸውም።

ሆኖም መለዋወጫ ለሁሉ ሰው አይደለም። ሐሳቡ የኦሎምፒክ ውድድር የሆነ ሰው በ25 ሜትሩ ዒላማ ላይ የሚያስፈልገው ባለ .22 (5.6 ሚሊሜትር) ነው፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በትልቁ ጥይት ውድድር የሚፈቅደው እስከ 9.65 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ .45 ከሜዳው ውጭ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ከመጀመሪያው ለ.22 የተሠራ ሽጉጥ ይሻለዋል። በምርጫው ጊዜም ከስሙ ይልቅ እጀታው መዳፉን ሞልቶ መያዙን፣ ጣቱ ሳይጎተት ቃታው ላይ መድረሱን፣ የተዘረጋ ክንዱም ሳይንቀጠቀጥ ክብደቱን መቻሉን ይመልከት። መለዋወጫው የሚጠቅመው ትልቁን ሽጉጥ ለያዘና ለወደደ ነው። በኩዌት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል በመሆኑ፣ ይህ ሁሉ ምርጫ የሚደረገው በተፈቀደ ክለብና በአሠልጣኝ ፊት ነው።

ብራውኒንግ በገንዘብ ረገድ አከራካሪ ሰው አልነበረም፤ ሲከፋው ግን በዝምታ ይሄድ ነበር። በ1902 ዊንቸስተር ለአዲሱ የአደን ጠመንጃው ከሽያጭ ድርሻ አልከፍልም ሲል፣ ዕቃውን ይዞ ወደ ሬሚንግተን ሄደ። ሊያነጋግረው የነበረው ፕሬዝዳንት በዚያው ቀን በድንገት ሞቱ፤ እርሱም መርከብ ተሳፍሮ ሊዬዥ ገባ። በ1917 ደግሞ አገሩ ወደ ጦርነት ስትገባ መንግሥት ለመትረየሶቹ ያቀረበለትን 750,000 ዶላር ሳይደራደር ተቀበለ፤ በየመሣሪያው ድርሻ ቢጠይቅ ኖሮ እጅግ የሚበልጥ ሀብት ያገኝ ነበር።

ኖቬምበር 26 ቀን 1926፣ በ71 ዓመቱ፣ በኤፍ ኤን ፋብሪካ ውስጥ በልጁ በቫል የንድፍ ክፍል ሳለ ልቡ ቆመ። በስሙ 128 የፈጠራ መብቶች ነበሩ። ጀምሮት የተወውን ሽጉጥ የፋብሪካው ነዳፊ ዲዩዶኔ ሴቭ ጨርሶ በ1935 ባለ 9 ሚሊሜትር አድርጎ አወጣው፤ ለዚህኛውም በኋላ የ.22 መለዋወጫ ተሠርቶለታል።

ቫል የአባቱን የመጨረሻ ንድፍ ፈጽሞ በ1931 ለገበያ አበቃው። ይህ ሽጉጥ አይደለም፤ ሁለት አፈሙዞች አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡበት፣ በአየር ላይ የሚወረወር የሸክላ ዒላማ ለሚመቱ የተመቸ ጠመንጃ ነው። ኩዌት በኦሎምፒክ ስሟን ያስጠራችው በዚሁ የሸክላ ዒላማ ነው። ፈሃይድ አል-ዲሃኒ በ2000 በሲድኒና በ2012 በለንደን ነሐስ፣ በ2016 በሪዮ በኦሎምፒክ ባንዲራ ስር ወርቅ አገኘ፤ አብዱላህ አል-ራሺዲም በሪዮና በቶኪዮ ነሐስ ወሰደ። በዚህ ውድድር ተኳሾች በብዛት የሚይዙት ጠመንጃ፣ ከየትኛውም ፋብሪካ ይውጣ፣ አፈሙዞቹ የተደራረቡት ዓይነት ነው።