ባለጸጋው ሾፌር ዉልፍ ባርናቶ

ገንዘብ ያለው ሰው ፈጣን መኪና ይገዛል፤ ድልን ግን ከገበያ አያገኘውም። ይህን ከሚያስረዱን ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ዉልፍ ባርናቶ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባርናቶ በ1895 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ባርኒ ባርናቶ ከለንደን ድሃ ሰፈር ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ በኪምበርሊ አልማዝም እጅግ ከበረ። ነገር ግን በ1897 ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ከመርከብ ላይ ባሕር ገብቶ ሞተ። ልጁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ስለዚህ ባርናቶ አባቱን ሳያውቅ የአባቱን ሀብት ወረሰ።

በካምብሪጅ ተማረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በመድፈኛ ክፍል መኮንን ሆኖ አገለገለ። ከጦርነቱ በኋላ ልቡ ወደ መኪና እሽቅድምድም አዘነበለ። በዚያን ጊዜ መሐንዲሱ ደብልዩ ኦ ቤንትሊ ያቋቋመው ፋብሪካ በሥራው የተመሰገነ፣ በገንዘብ ግን የተቸገረ ነበር። ባርናቶ በ1926 ገንዘቡን አውጥቶ ፋብሪካውን ከመዘጋት አዳነው፤ የኩባንያውም ሊቀ መንበር ሆነ። በዚያው ፋብሪካ መኪናዎችም ለእንጀራው ሳይሆን ለፍቅሩ ይወዳደር ነበር።

በፈረንሳይ አገር በለማን ከተማ 24 ሰዓት የሚፈጅ ታላቅ ውድድር አለ። በዚያ ዘመን ሁለት ሾፌሮች አንዱን መኪና ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ይነዱት ነበር። በ1928 ባርናቶ ከበርናርድ ሩቢን ጋር ተሰለፈ። ውድድሩ ሊያልቅ ሲቃረብ የመኪናው ሻንሲ ተሰነጠቀ፤ የራዲያተሩ ውሃ ፈሰሰ፤ ሞተሩም ጋለ። በዚህ ጊዜ ትዕግሥት የሌለው ሾፌር ነዳጁን ረግጦ ሁሉንም ባጣ ነበር። ባርናቶ ግን መኪናውን እንደ ታማሚ እያስታመመ እስከ መጨረሻው አደረሰውና አንደኛ ወጣ። በ1929 ከሄንሪ በርኪን፣ በ1930 ከግሌን ኪድስተን ጋር ሆኖ ደገመው፤ ሠለሰውም። በለማን ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስቱንም ጊዜ አሸነፈ።

ቤንትሊ ከሾፌሮቹ ሁሉ ባርናቶን ያስበልጥ ነበር። ምክንያቱም የፋብሪካው ጌታ ሆኖ ሳለ፣ መሪው ላይ ሲቀመጥ እንደ ማንኛውም ሾፌር ትእዛዝ ይፈጽም ነበር።

በሊቀ መንበርነቱ ግን እንዲህ አልነበረም። በርኪን ለሞተሩ አየር እየጨመቀ የሚያስገባ መሣሪያ እንዲገጠም ሲጠይቅ ቤንትሊ ተቃወመ፤ ባርናቶ ግን ፈቀደ። እነዚያ መኪናዎች ስማቸው ቢገንም በለማን አላሸነፉም። ከዚያም በ1929 የጀመረው የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት ውድ መኪና የሚገዛውን ሰው አሳነሰ። በ1931 ባርናቶ ተጨማሪ ገንዘብ አላወጣም አለ፤ ፋብሪካውም ለሮልስ ሮይስ ተሸጠ። ቤንትሊ በስሙ የሚጠራውን ድርጅት አጣ።

ባርናቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል አገለገለ፤ በ1948 በ52 ዓመቱ ሞተ።

እኛ ወጣቶች ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንማራለን? ባርናቶ ሌላውን በሰማበት ወንበር ላይ በለማን አልተሸነፈም። ማዘዝ በሚችልበት ቦታ መታዘዝን ማወቁ ከአልማዙ ይልቅ አስከበረው።