ኩባንያውን ዝጋ ተብሎ ተሹሞ ያልዘጋው ሰው

«የማቴይ ዕቅድ» የሚለውን ስም ዜና ላይ ሳትሰሙ አትቀሩም። ጣሊያን በጥር 2024 የአፍሪካ መሪዎችን ሮም ላይ ሰብስባ ያስተዋወቀችው፣ 5.5 ቢሊዮን ዩሮ የተመደበለት፣ አገራችንም ከመጀመሪያዎቹ 9 አገሮች አንዷ የሆነችበት ዕቅድ ነው። ግን ማቴይ ማነው? እኛም ይህን ብለን ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርን። ያገኘነው ሰው አውሮፓ ዛሬም የምትጨነቅበትን ጥያቄ ከ70 ዓመት በፊት ያነሳ ሰው ነው፦ ጋዝና ነዳጅህ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ ነፃ ነኝ ማለት ትችላለህ ወይ? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤንሪኮ ማቴይ በ1906 በማዕከላዊ ጣሊያን አኳላኛ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፖሊስ ነበሩ፤ ቤታቸውም ሀብታም አልነበረም። ልጁ ትምህርቱን ቶሎ አቋርጦ ሥራ ገባ። መጀመሪያ አልጋ የሚሠራ ፋብሪካ፣ ከዚያ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ተላላኪ ሆነ። ተላላኪ ሆኖ የገባበትን ቆዳ ፋብሪካ ግን ገና በወጣትነቱ ራሱ መምራት ጀመረ። ቀጥሎ ሚላኖ ገብቶ የፋብሪካ ኬሚካል እየዞረ ሸጠ፤ በ1934 ደግሞ የራሱን ትንሽ የኬሚካል ድርጅት አቋቋመ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1943 ጀርመኖች ሰሜን ጣሊያንን ሲይዙ ማቴይ ከአርበኞቹ ጋር ተቀላቀለ። በ1944 ተይዞ ታሰረ፣ ብዙም ሳይቆይ አመለጠ። ጦርነቱ ሲያልቅ ከአርበኞቹ መሪዎች አንዱ ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። በ1945 አጂፕ የሚባለውን የመንግሥት ነዳጅ ኩባንያ በሰሜን ጣሊያን እንዲረከብ ተሾመ። አጂፕን የፋሺስት መንግሥት በ1926 ነው ያቋቋመው። አዲሶቹ ባለሥልጣናት ኩባንያው ኪሳራ ብቻ ነው ብለው ስላመኑ የማቴይ ሥራ አንድ ነበር፦ ያለውን ሸጦ በሩን መዝጋት።

አልዘጋውም። የድሮ ባለሙያዎችን ጠርቶ ሲያናግር፣ በፖ ወንዝ ሸለቆ ካቪያጋ የሚባል ቦታ ላይ በጦርነቱ ጊዜ ጋዝ መገኘቱን ነገሩት። ማቴይ ቁፋሮው ይቀጥል አለ። በ1949 ኮርቴማጆሬ ላይ ነዳጅ ዘይት ወጣ ሲባል አገሩ በደስታ ተቀወጠ። ዘይቱ እንኳን ትንሽ ነበር፤ ዋናው ሀብት ጋዙ ነው። ከውጭ በሚመጣ ድንጋይ ከሰል የምትሠራ አገር ከራሷ መሬት ጋዝ አውጥታ የሚላኖንና የቶሪኖን ፋብሪካዎች ማንቀሳቀስ ጀመረች።

ቱቦውንማ እንዴት እንደዘረጋው ብታዩ! ፈቃድ አይጠብቅም። ሠራተኞቹ ማታ መንገድ ይቆፍራሉ፣ ቱቦ ይቀብራሉ፤ ከንቲባው ጠዋት ሲነቃ ነገሩ አልቋል። በቃ፣ ያኔ ምን ይደረጋል?

በ1953 አጂፕን ያቀፈው ትልቁ የመንግሥት ኩባንያ ኤኒ ሲቋቋም መሪው ማቴይ ሆነ። ባለ ስድስት እግሩን፣ እሳት የሚተፋውን ጥቁር ውሻ አስታወሳችሁት? የአጂፕ ማደያ አገራችንም ስለነበር፣ እናንተ ባታውቁት አባቶቻችሁ ያውቁታል።

ያኔ የዓለምን ነዳጅ የያዙት ሰባት የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ። «ሰባቱ እህትማማቾች» የሚለውን ስም ያስለመደው ማቴይ ነው። በ1954 የኢራንን ዘይት ለመከፋፈል ሲቀመጡ ኤኒን አላስገቡትም። ማቴይ ይህን አልረሳም። በቴሌቪዥን ቀርቦም አንድ ታሪክ ተናገረ፦ ትላልቅ ውሾች ከሚበሉበት ሳህን ልትቀምስ የተጠጋች የከሳች ድመት፣ አንዱ ውሻ መትቶ ገደላት። ድመቷ ጣሊያን እንደሆነች ሁሉም ገባው።

በ1957 በራሱ መንገድ ወደ ኢራን ተመለሰ። የዚያን ጊዜ ልማድ ትርፉን ግማሽ ለግማሽ መካፈል ነበር። ማቴይ ግን ባለ ዘይቷን አገር በኩባንያው ውስጥ አጋር አደረጋት፤ ከትርፉ 75 በመቶው ለኢራን ይደርሳል፣ ፍለጋው ካልተሳካ ደግሞ ወጪው የኤኒ ነው። ሌሎች ባለ ዘይት አገሮችም እኛስ ማለት ጀመሩ። ሰባቱ እህትማማቾች ተናደዱ።

በ1960 ደግሞ ቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ሰዓት ከሶቪየት ኅብረት ዘይት በርካሽ ሊገዛ ተስማማ፤ በለውጡ የብረት ቱቦና ሰው ሠራሽ ጎማ ይሰጣል። ዋሽንግተን በጣም ተቆጣች።

ግን ማቴይን መልአክ አድርገን አናቅርበው። ለፖለቲካ ፓርቲዎች በድብቅ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ፓርቲን የሚያየው እንደ ታክሲ ነው፤ ይሳፈራል፣ ይከፍላል፣ ይወርዳል። የራሱ ጋዜጣም ነበረው። ለአገር ነው እያለ ከሕግ በላይ የሆነ ኩባንያ ሠራ፤ የጣሊያን ፖለቲካም ለዚህ ልማድ ለብዙ ዓመታት ዋጋ ከፍሏል።

ጥቅምት 27 ቀን 1962 ማታ ከሲሲሊ ወደ ሚላኖ ሲመለስ ትንሿ ጄቱ ለማረፍ ደቂቃዎች ሲቀሯት ባስካፔ አጠገብ ወደቀች። እሱ፣ አብራሪውና አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሞቱ። መጀመሪያ አደጋ ነው ተባለ። በ1970 በማቴይ ሕይወት ላይ ለሚሠራ ፊልም መረጃ ሲያሰባስብ የነበረ የፓሌርሞ ጋዜጠኛ ተሰወረ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በ1990ዎቹ ምርመራው እንደገና ተከፈተ፤ ዓቃቤ ሕጉም አውሮፕላኑ ውስጥ ቦምብ ነበር ሲል ደመደመ። ለፍርድ የቀረበ ሰው ግን የለም።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ማቴይ የከፈተው የሞስኮ በር ከሞተም በኋላ አልተዘጋም፤ ከ1974 ጀምሮ የሶቪየት ጋዝ ወደ ጣሊያን ፈሰሰ። በ2021 ጣሊያን ከውጭ ከምታስገባው ጋዝ 40 በመቶ ገደማ ከሩሲያ ነበር። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ጣሊያን ደነገጠች። ከአንዱ ጥገኝነት ሮጣ ሌላው ውስጥ ገብታ ነበራ!

ያወጣትስ? አልጄሪያ። ማቴይ የአልጄሪያን የነፃነት ትግል የደገፈ ሰው ነበር። ከ1983 ጀምሮ የአልጄሪያን ጋዝ በቱኒዚያና በሜዲትራኒያን ባሕር ሥር ወደ ሲሲሊ የሚያደርሰው ቱቦም በስሙ ይጠራል። የሩሲያ ጋዝ ሲቀንስ የአልጄሪያው ቁጥር አንድ ሆነ።

እኛ ከዚህ ሕይወት የገባን ይህ ነው፦ ነፃነት ማለት ከማንም አለመግዛት አይደለም፤ አንዱ በር ሲዘጋብህ የምታንኳኳው ሌላ በር መኖሩ ነው። ማቴይ በሮቹን ከፈተ፤ የተከተሉት ደግሞ ርካሹን በር ብቻ ለመዱ።

አሁን ስሙ ወደ እኛ መጥቷል። የማቴይ ዕቅድ ሲባል ስንሰማ መጠየቅ ያለብን አንድ ነገር ነው፦ ውሉ እንደ 1957ቱ የኢራን ውል ባለቤቱን አጋር ያደርጋል ወይስ ስሙን ብቻ ነው የተዋሰው? እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን።