ጊታር መምታት ሳይችል የጊታርን ድምፅ ያበጀው ሰው

በዛሬው ጊዜ አንድ ተማሪ በመኝታ ቤቱ ተቀምጦ፥ ጊታሩን ከኮምፒዩተር ጋራ አያይዞ፥ ጎረቤት ሳይረብሽ በ1959 ዓ.ም. በተሠራ አምፕሊፋየር ድምፅ ሊጫወት ይችላል። አምፕሊፋየሩ በአጠገቡ የለም፤ ምናልባትም በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ያለው ድምፁ ብቻ ነው፤ ይኸውም በዲጂታል ዘዴ ተቀርጾ ከዕቃው የተለየ ድምፅ ነው። ይህን ድምፅ መጀመሪያ ያበጀው ሰው ማን እንደ ነበረና እንዴት እንደ ኖረ ማወቅ ይጠቅማልና፥ የሌዎ ፌንደርን ታሪክ ለተማሪዎችና ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች ልናቀርብ ወደናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሌዎ ፌንደር ኦገስት 10 ቀን 1909 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት፥ በአናሃይም አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬዎች ነበሩ። ገና የ8 ዓመት ልጅ ሳለ በግራ ዓይኑ ዕጢ ስለ ወጣበት ዓይኑ ተወግዶ በምትኩ የመስተዋት ዓይን ተደረገለት። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ፥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረው አጎቱ አሮጌ የሬዲዮ ዕቃዎች የሞሉበት ሣጥን ላከለት። ልጁም ዕቃዎቹን እየፈታና እየገጠመ ሲመረምር የሬዲዮ ፍቅር አደረበት።

ይሁን እንጂ ኮሌጅ ሲገባ የተማረው የሒሳብ አያያዝ ነው። የኤሌክትሮኒክስን ዕውቀት ያገኘው ራሱን በራሱ በማስተማር ነበር። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በሒሳብ ሠራተኝነት ሠራና በኋላም በካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት አገለገለ። ነገር ግን ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ስለ ነበረ የሥራ ቦታው ተሰረዘ። ከዚያም አንድ የጎማ ኩባንያ በሒሳብ ክፍሉ ቀጥሮት ነበር፤ ዳሩ ግን ስድስት ወር ያህል እንደ ሠራ ከጓደኞቹ ጋራ ተሰናበተ። ሚስት ያገባና ቤት የመሠረተ ሰው ሁለት ጊዜ ያለ ሥራ መቅረቱ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ሊገምተው ይችላል።

ሌዎ ግን እንደ ገና መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ከመዞር ይልቅ በልጅነቱ ወደ ለመደው ሥራ ተመለሰ። በ1938 ዓ.ም. 600 ዶላር ተበድሮ በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ወደዚህ ሱቅ ሬዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ብቻ ሳይሆን፥ የሙዚቀኞች አምፕሊፋየርም ተበላሽቶ ይመጣ ጀመር። የመጣለትን ሁሉ ሲከፍት አንድ ነገር አስተዋለ። ብዙዎቹ የተሠሩት ለመሸጥ እንጂ ለመጠገን ታስቦ አልነበረም። ሽቦው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ለማግኘት ብቻ ብዙ ጊዜ ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ በ1940ዎቹ አጋማሽ የራሱን መሣሪያ መሥራት በጀመረ ጊዜ፥ ማንም ጠጋኝ በቀላሉ እንዲከፍተውና እንዲረዳው አድርጎ ሠራ። በ1951 ዓ.ም. ቴሌካስተር የተባለውን ጊታር በዚህ ስሙ ሲያወጣ አንገቱን በሙጫ አላጣበቀውም፤ በአራት ብሎን አሰረው እንጂ። አንገቱ ቢበላሽ ፈትቶ ሌላ መግጠም ነው። በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር፥ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ስትራቶካስተርን አወጣ። በአምፕሊፋየሮቹም ውስጥ የትኛው ቫልቭ በየትኛው ቦታ እንደሚገባ የሚያሳይ ወረቀት ይለጠፍ ነበር።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ ሰው ጊታር መምታት ቀርቶ መቃኘት እንኳ አለመቻሉ ነው። ጉድለቱን ስላወቀ ግን ሥራውን በራሱ ጆሮ ብቻ አልመዘነውም። አዲስ የሠራውን ሁሉ ለሙዚቀኞች ይሰጥና በየዳንስ ቤቱ እየሄደ ያዳምጥ፥ የሚነቅፉትንም ይቀበል ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርበው ባስማን የተባለው አምፕሊፋየር ነው። ይህ ዕቃ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ስሙ እንደሚያመለክተው ለቤዝ ጊታር ነበር። በየጊዜው እየተሻሻለ ሄዶ በ1950ዎቹ አጋማሽ ስፋታቸው 10 ኢንች የሆኑ አራት እስፒከሮች በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይዞ ታየ። ሆኖም ለቤዝ የታሰበውን ዕቃ የተራው ጊታር ተጫዋቾች ወደዱት። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ የነበረው ጂም ማርሻልና ሠራተኞቹ የባስማንን አሠራር መሠረት አድርገው የመጀመሪያውን የማርሻል አምፕሊፋየር ሠሩ። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ከዚያ በኋላ የተሰማው ኃይለኛ የጊታር ድምፅ አያቱ የፉለርተኑ ጠጋኝ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ ነገር እናገኛለን። ሌዎ ፌንደር ዕድሜውን ሙሉ የደከመው ድምፁ ጥሩ፥ ንጹሕና ያልሻከረ እንዲሆን ነበር። ሙዚቀኞቹ ግን አምፕሊፋየሩን እስከ ጫፍ እየከፈቱ ቫልቮቹን ከአቅማቸው በላይ ሲያስጨንቋቸው የሚወጣውን ሻካራ ድምፅ ወደዱት። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የበገና ሠሪም እንዚራ የተባሉትን ቁራጭ ቆዳዎች በአውታሩ ሥር የሚያስገባው ድምፁ እንዲነዝርና እንዲያጉረመርም ነውና። ሠሪው ጉድለት ያለውን ተጫዋቹ ጌጥ አደረገው።

ዲክ ዴል የተባለው ጊታር ተጫዋች ደግሞ በጣም አጩሆ ስለሚጫወት የፌንደርን አምፕሊፋየሮችና እስፒከሮች እየደጋገመ አቃጠለ። ሌዎ በዚህ አልተቈጣም፤ የሥራ ባልደረባውን ይዞ ተጫዋቹ ወደሚገኝበት አዳራሽ ሄዶ የሕዝቡን ብዛት ካየ በኋላ ችግሩን ተረዳ። ከዚህም የተነሣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሾውማን የተባለው ብርቱ አምፕሊፋየር ወጣ። በዚህ ሥራ አምፕሊፋየሩ ለብቻው፥ የእስፒከሩ ሣጥንም ለብቻው ሆነው በሽቦ ተገናኙ። የዛሬ ድምፅ ቀራጮች የሚከራከሩበት ጥያቄ፥ ማለት አምፕሊፋየሩ ከነሣጥኑ ይቀረጽ ወይስ ያለ ሣጥኑ የሚለው፥ በዚህ ዓይነቱ አሠራር ላይ በግልጽ ይታያል።

ነገሩን በክራር እንመስለው። የክራር ድምፅ ከአውታሩ ብቻ አይመጣም፤ ገበቴውና ቆዳው ይለውጡታል። እንዲሁም የጊታር እስፒከርና ሣጥኑ ድምፁን ያጣራሉ። ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ እስፒከሩ አብዛኛውን ስለማያሳልፈው፥ የተጋጋለ አምፕሊፋየር ያለ እስፒከር በቀጥታ ቢቀዳ እንደ ንብ መንጋ ጆሮ የሚወጋ ይሆናል።

ድምፁን ለመቅረጽ በቅድሚያ የታወቀ የሙከራ ድምፅ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ይሰደዳል፤ የሚወጣውም ይቀዳል። ኮምፒዩተሩ የገባውንና የወጣውን እያመዛዘነ፥ የራሱ ውጤት ከእውነተኛው ጋራ እስኪቀራረብ ድረስ ስሌቱን ደጋግሞ ያርማል። ከነሣጥኑ ሲቀረጽ ማይክሮፎን በእስፒከሩ ፊት ይቆማል፤ የማይክሮፎኑና የቦታው ጠባይ ሁሉ አብሮ ይገባል። ያለ ሣጥኑ ሲሆን ግን የእስፒከሩን ቦታ ተክቶ ኃይሉን የሚቀበል መሣሪያ መግጠም ያስፈልጋል፤ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ምንም ሳይገጠምለት ቢሠራ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላልና። ሣጥኑ ለብቻው የሚቀረጸው በቀላል መንገድ ነው። ከወፍራም እስከ ቀጭን የሚወጣ አንድ ድምፅ ተልኮበት ምላሹ ከተያዘ ይበቃል፤ ድምፁ ቢያንስም ቢበዛም የሣጥኑ ምላሽ እምብዛም አይለዋወጥምና። ከነሣጥኑ የተቀረጸው አንድ ወጥ ነው፤ ያለ ሣጥኑ የተቀረጸውን ግን ተጫዋቹ ከፈለገው ሣጥን ጋራ ያዋሕደዋል።

ሆኖም በዚህ ዓይነት አንድ ጊዜ የተቀረጸው እንደ ፎቶግራፍ ነው። ቍልፎቹ በዚያች ሰዓት በቆሙበት ሁኔታ ያለውን ድምፅ ይይዛል። ቍልፉ ቢዞር ሌላ ቅርጽ ያስፈልጋል።

ሌዎ ፌንደር ይህን ለማየት አልደረሰም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጠናበት ሕመም ምክንያት ዕድሜው ያለቀ መስሎት፥ በጃንዋሪ 1965 ዓ.ም. ኩባንያውን ሲ.ቢ.ኤስ. ለተባለው ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በኋላ ግን ትክክለኛ ሕክምና አግኝቶ ዳነ። ባለጸጋ ሆኖ ሳለ ዕረፍትን አልመረጠም። መጀመሪያ ሙዚክ ማን በተባለው፥ ቀጥሎም ጂ ኤንድ ኤል በተባለው ድርጅት ጊታር መሥራቱን ቀጠለ። ባለቤቱ ኤስተር በ1979 ዓ.ም. ብትሞትበትም፥ ፓርኪንሰን የተባለው በሽታ ቢይዘውም፥ ከሥራ ጠረጴዛው ሳይለይ ማርች 21 ቀን 1991 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ1998 ዓ.ም.፥ ፖድ የተባለች ትንሽ ቀይ ዕቃ በአሜሪካ አገር ወጣችና የብዙ አምፕሊፋየሮችን ድምፅ በስሌት አስመስላ ማሰማት ጀመረች። ከዚያ ወዲህም ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ድምፁን መቅረጽ የተለመደ ሆነ።

እንግዲህ ለመቅረጽ በመጀመሪያ የሚሠራ አምፕሊፋየር መኖር አለበት። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ባስማኖች ዛሬም ድምፅ የሚሰጡት፥ የተበላሸው ክፍል ተፈልጎ ሊገኝ፥ ተፈትቶም ሊለወጥ ስለሚቻል ነው። ይህም የሆነው ሠሪያቸው ራሱ የሌሎችን ብልሽት ሲጠግን የኖረ ሰው በመሆኑ፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ጠጋኝ ስለ አሰበ ነው። ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች በየመሥሪያ ቤታችሁ የምታዘጋጁትን መዝገብም ሆነ ዕቃ ነገ የሚከፍተው ሌላ ሰው እንደ ሆነ አትርሱ። ኮምፒዩተሩ የቀረጸው የፌንደርን ድምፅ ነው፤ ድምፁን እስከዚያች ቀን ያቈየው ግን ይህ አሳቢነቱ ነው።